የዘበኛው የአስመጪነት ፈቃድ፦ ከአዲስ አበባ ዳርቻ የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ በሚገኝ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ በቁጥጥርና በኮምፕሊያንስ፣ ማለትም ሕግና መመሪያ መከበሩን በመከታተል ሥራ ላይ ሳለሁ፣ አንዲት እናት ከሆሳዕና ደወሉልኝ። የሚጠይቁት ጠዋት ስላስገቡት ገንዘብ ነበር። ሒሳቡ የሌላ ሰው ስለሆነ ምንም ልነግራቸው እንደማልችል ሳስረዳቸው፣ «ልጄ፣ የማን እንደሆነ አልጠየቅሁህም፤ ገብቷል ብቻ በለኝ። ልጄን ሊቢያ ላይ ይዘውት በስልክ እየገረፉ ያሰሙኛል» አሉኝ። ያነበቡልኝ የሒሳብ ቁጥር ከቅርንጫፋችን ትልልቅ ደንበኞች የአንዱ ነበር። በመዝገባችን ላይ ደንበኛው የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ አስመጪ ተብሎ ተመዝግቧል።

ያንን ባንክ ከለቀቅሁ ቆይቻለሁ። ሰዎቹን፣ ባንኩንና መንደሩን በስም አልጠራም፤ የገንዘቡን መጠንም አጠጋግቻለሁ። ጉዳዩን መመዝገብ ያስፈለገኝ አንድ በጣት አሻራ የተፈረመ ውክልና የስደተኛ ማስለቀቂያ ገንዘብን፣ የመሬት ጉቦንና ዱባይ የቀረ ዶላርን በአንድ ሒሳብ ላይ እንዴት እንዳገናኘ በቅርብ ስላየሁ ነው። ስለ ዓለም አቀፍ የባንክ ሙስና በሚጻፈው ውስጥ የዳርቻ ቅርንጫፍ ቦታ የለውም። ያም ሆኖ ገንዘቡ ለንደን ወይም ዱባይ ከመድረሱ በፊት ያለፈው በእኛ መስኮት፣ በእኛ ማኅተምና በእኛ ፊርማ ነው።

ቦታውና ሰዎቹ

ቅርንጫፉ የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ከቱሉ ዲምቱ ብዙ አይርቅም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጤፍና ሽምብራ ይዘራበት የነበረው ማሳ አሁን መጋዘን፣ የብሎኬት ማምረቻና የከባድ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። ካሳ የተቀበሉ አርሶ አደሮች፣ የሚያዋስኗቸው ፋብሪካዎችና መሬት የሚያሻሽጡ ደላሎች በአንድ ወረፋ ይሰለፋሉ። ቅርንጫፉ የሚመዘነው በሰበሰበው ተቀማጭ ስለሆነ፣ ወር በገባ ቁጥር የዕቅድ ጉዳይ የሁላችንንም እንቅልፍ ይነሣ ነበር።

በጉዳዩ ውስጥ ያሉት ሰዎች ጥቂት ናቸው። ፈቃዱም ሒሳቡም በስማቸው የወጣው ዕድሜያቸው ወደ 70 የተጠጋ አዛውንት ሲሆኑ፣ መሬታቸው ለልማት ተወስዶ በካሳው ትንሽ ቤት ሠርተው የቀረውን አስቀምጠዋል። ማንበብና መጻፍ አይችሉም። ሒሳቡን የሚያንቀሳቅሰው ከእርሳቸው ጠቅላላ ውክልና የያዘ፣ አነጋገሩ የለዘበና ሁልጊዜ ሱፍ የሚለብስ ወጣት ነው። ከእነርሱ ሌላ አንድ በመሬት ነክ ሥራ ላይ ያለ የመንግሥት ኃላፊ፣ የቅርንጫፋችን ሥራ አስኪያጅና በዋናው መሥሪያ ቤት የውጭ ንግድ አገልግሎት ክፍል የሚሠራ አንድ ባልደረባ አሉ።

ችግሩ እንዴት ታየ

ከስልኩ በኋላ የሒሳቡን የ11 ወር ስቴትመንት አውጥቼ ማታ ቤቴ ድረስ በቃሌ የማስታውሰው እስኪመስለኝ ደጋግሜ አየሁት። የሚገባው ብር ሁለት መልክ ነበረው። አንደኛው ከሩቅ ይመጣል፤ ከሆሳዕና፣ ከጅማ፣ ከወልድያና ከደሴ፣ ከ60,000 እስከ 150,000 ብር፣ እያንዳንዱ አስገቢ አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ያስገባል። በገቢ ቅጹ ላይ ምክንያት በሚለው ቦታ ሁሉም «ለዕቃ ግዢ» ብለዋል። አንዳንዶቹ ቃሉን የጻፉት እጅ ለመጻፍ ያልለመደው ሰው በሚጽፍበት አኳኋን፣ ፊደሉን እየነጣጠሉ ነው። አንዲት የገጠር እናት ከፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ አስመጪ ዕቃ የምትገዛው ለምንድን ነው? ቅጾቹ ለወራት በእጃችን አልፈዋል፤ ይህን ጥያቄ ግን ማናችንም አልጠየቅንም።

ሁለተኛው ከቅርብ ይገባል። በእኛና በአጎራባች ቅርንጫፎች፣ በአንድ ቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ፣ 280,000፣ 290,000፣ 295,000 ብር እየሆነ ነበር። በወቅቱ በምንሠራበት መመሪያ 300,000 ብርና ከዚያ በላይ የሆነ የጥሬ ገንዘብ እንቅስቃሴ አጠራጣሪ ገንዘብን ለሚከታተለው የመንግሥት ተቋም፣ ለፋይናንስ ደህንነት አገልግሎት፣ ሪፖርት ይደረግ ነበር፤ አስገቢዎቹ ወሰኑን ያውቁታል ማለት ነው። ኋላ ምርመራው እንዳረጋገጠው ይህኛው ብር በካርታና በይዞታ ጉዳይ ኃላፊው ዘንድ ይመላለሱ ከነበሩ ሰዎች የተሰበሰበ ጉቦ ነው።

በማግስቱ በፈቃዱ ላይ ወደ ተጻፈው አድራሻ በእግሬ ሄድሁ። የቆርቆሮ በር ያለው መጋዘን ነው። በሩ ጥግ አንድ ካፖርት የደረቡ አዛውንት በሳጥን ላይ ተቀምጠው ትንሽ ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ከተቀመጡበት ተነሥተው ሰላምታ ሰጡኝ። ሥራ አስኪያጁን እንደምፈልግ ስነግራቸው «የለም ልጄ፤ እኔ ዘበኛ ነኝ» አሉ። ስማቸውን ስጠይቃቸው እስከ አያታቸው ድረስ በንግድ ፈቃዱ ላይ ያለውን ስም ነገሩኝ። ከባንክ እንደመጣሁ ስገልጽላቸው ፊታቸው በራ፤ «ታዲያ ደመወዜን ይዘህልኝ መጣህ?» አሉኝ። ከበሩ ወዲያ የሚታየው ባዶ ማዳበሪያና ጎማው የወረደ አንድ አይሱዙ ብቻ ነበር።

አዛውንቱ እንዳስረዱኝ፣ አንድ የሰፈር ደላላ የጥበቃ ሥራ አገኘሁልዎ ብሎ መታወቂያቸውን ተቀበላቸው፤ ከዚያም ሦስት ቀን ከቢሮ ቢሮ ወስዶ ጣታቸውን አስነከራቸው። «ለሥራ መቀጠሪያ ነው» ተብለዋል። ያነበበላቸው የለም። በወር 2,500 ብር ይከፈላቸዋል። በስማቸው በዓመት ከ40 ሚሊዮን ብር በላይ እንደተንቀሳቀሰ ሲሰሙ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ግብሩን እኔን ይጠይቁኛል ማለት ነው?»

ብሩ ወደ ዶላር የተለወጠበት መንገድ

ይህን ክፍል በዝርዝር የምጽፈው በሌላ ቅርንጫፍ ላለ ባልደረባ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው።

በዚያን ጊዜ በባንክ ያለው የዶላር ዋጋ 54 ብር ገደማ ሲሆን በጥቁር ገበያ ወደ 100 ብር ይጠጋ ነበር። ዶላር በባንክ ዋጋ ያገኘ ሰው ገና ዕቃ ሳይሸጥ አትርፏል። ለዚያ ደግሞ ወረፋ ነበረ፤ ወረፋው ቀድሞ የሚደርሰው ለመድኃኒት፣ ለማዳበሪያና ለፋብሪካ ግብዓት ነበር። የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ የተመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ግብዓት በመሆኑ በወረፋው ይቀድም ነበር፤ ቀረጡ ዝቅተኛ ስለሆነ ዋጋውን አንሮ ማስገባት ብዙ አያስከፍልም፤ ጥራቱም እንደየደረጃው ስለሚለያይ «ይሄኛው ልዩ ነው» ለማለት ያመቻል።

አንዱን ክፍያ ልውሰድ። በአራት ኮንቴይነር 96 ቶን ዕቃ ለማስገባት 380,000 ዶላር የሚል ፕሮፎርማ፣ ማለትም የሻጭ ዋጋ ማቅረቢያ፣ ከዱባይ ቀረበ። በቶን ሲሰላ ወደ 3,960 ዶላር ይመጣል። በአካባቢያችን ካሉ ፋብሪካዎች ለሁለቱ የግዢ ሠራተኞች ደውዬ ዕቃውን ገልጬ ዋጋውን ብቻ ጠየቅኋቸው፤ ሁለቱም ከ1,200 እስከ 1,300 ዶላር ባለው መካከል ነገሩኝ። ስለዚህ ዕቃው በእውነተኛ ዋጋው ወደ 120,000 ዶላር ያወጣል። የተረፈው 260,000 ዶላር ዱባይ ባለው ላኪ ድርጅት ሒሳብ ይቀራል። ድርጅቱም ምርመራው እንዳሳየው ውክልናውን የያዘው ወጣት ወንድም ንብረት ነው። በዶላር 46 ብር ልዩነት ሲታሰብ፣ ከአንዱ ክፍያ ብቻ ወደ 12 ሚሊዮን ብር የሚጠጋ ጥቅም ተገኝቷል።

ከዚያ በኋላ ያ ዶላር ሁለት ሥራ ይሠራል። የተወሰነው ሊቢያ ላሉት አጋቾች ይከፈላል፤ የእናቶቹ ብር እዚህ ገብቶ በዚያ በዶላር የሚወጣው በዚህ መንገድ ነው። የተወሰነው ደግሞ የኃላፊው ድርሻ ሆኖ ከአገር ውጭ ይቀመጣል። ኃላፊው አንዲትም ዶላር ይዞ በአየር ማረፊያ አላለፈም፤ የላከለት ባንኩ ነው።

የሰነድ ቁጥጥራችን ይህን ሊያይ ያልቻለበትን ምክንያት አሁን በደንብ አውቀዋለሁ። ክፍያው የተፈጸመው ካድ በምንለው፣ ሰነድ ሲደርስ በሚከፈልበት ሥርዓት ነው። ኢንቮይሱ ከፕሮፎርማው፣ የጭነት ሰነዱ ከኢንቮይሱ፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑም ከሁሉም ጋር ይስማማል፤ ምክንያቱም ሐሰቱ ከመጀመሪያው ወረቀት ጀምሮ አንድ ዓይነት ሆኖ ተጽፏል። እኛ ሰነድን ከሰነድ እናመሳክራለን እንጂ ዋጋን ከገበያ አናመሳክርም ነበር። በቀድሞው የደቡብ አፍሪካ ፕሬዚዳንት በታቦ ምቤኪ የተመራው የአፍሪካ ከፍተኛ ፓነል እ.ኤ.አ. በጥር 2015 እዚሁ አዲስ አበባ ለመሪዎች ጉባኤ ያቀረበው ሪፖርት አፍሪካ በሕገ ወጥ የገንዘብ ፍሰት በየዓመቱ ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደምታጣ ሲያስቀምጥ፣ ትልቁን ድርሻ የያዘው በንግድ በኩል የሚወጣው ነበር። ሪፖርቱን ቀደም ብዬ አውቀዋለሁ። ነገር ግን ጠረጴዛዬ ላይ ካለው ፕሮፎርማ ጋር አንድ ነገር መሆኑን የተረዳሁት ዋጋውን ለቶን ያካፈልሁት ዕለት ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የመጀመሪያው እርምጃዬ ስሕተት ነበር። ያገኘሁትን ሁሉ ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ በቃል ነገርሁት፤ በጽሑፍ የሰጠሁት የመጋዘኑን ጉብኝት ማስታወሻ ብቻ ነበር። በጽሞና አዳምጦኝ፣ ደንበኛው የዓመቱን ዕቅዳችንን ሲሶ የሚሸፍን መሆኑን አስታውሶኝ፣ እርሱ ራሱ እንደሚያጣራ ነገረኝ። በቀጣዮቹ ሁለት ቀናት ከሒሳቡ 6 ሚሊዮን ብር በሦስት ዝውውር ወጣ። ለተጠርጣሪ ደንበኛ ጥርጣሬን ማሳወቅ በአዋጅ ቁጥር 780/2005 የተከለከለ ነው፤ ክልከላው የተደነገገው ለእንዲህ ያለ ቀን እንደሆነ በዓይኔ አየሁ።

በሦስተኛው ቀን የጥርጣሬ ሪፖርቱን በጽሑፍ አዘጋጅቼ በቀጥታ ለዋናው መሥሪያ ቤት የኮምፕሊያንስ ኃላፊ ሰጠሁ። ይህን ለማድረግ የደፈርሁት በአዋጁ መሠረት በቅን ልቦና ሪፖርት ያደረገ ሠራተኛ ጥበቃ እንዳለው ስለማውቅ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ በዴንማርኩ ዳንስክ ባንክ የኤስቶኒያ ቅርንጫፍ ይሠራ የነበረው ሃዋርድ ዊልኪንሰን ያደረገውን በአንድ ሥልጠና ላይ ተምሬ ነበር። እርሱ ያደረገው ቀላል ነገር ነው፦ አንድ የእንግሊዝ ድርጅት በኩባንያዎች መዝገብ ላይ እንቅስቃሴ የለኝም ብሎ ሳለ በቅርንጫፉ ትልቅ ገንዘብ ማንቀሳቀሱን አይቶ ለኮፐንሃገን ጻፈ። ከዚያች ትንሽ ቅርንጫፍ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ያለፈው የውጭ ደንበኞች ገንዘብ ወደ 200 ቢሊዮን ዩሮ እንደሚጠጋ ኋላ ይፋ ሆነ፤ ባንኩም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 በአሜሪካ ጥፋተኝነቱን አምኗል። እኔም ከቅርንጫፉ በላይ ጻፍሁ።

ከሪፖርቱ ጋር ያያያዝኋቸው ነገሮች፣ የአስገቢዎቹ ዝርዝር ከነከተማቸው፣ ከ300,000 ብር በታች ተሸንሽነው የገቡት ገንዘቦች በቀን በቀን፣ የዋጋ ስሌቱ፣ የመጋዘኑ ጉብኝት ማስታወሻና የስልክ ጥሪው ቀንና ሰዓት ነበሩ። ዋናው መሥሪያ ቤት ሪፖርቱን ወደ ፋይናንስ ደህንነት አገልግሎት ያስተላለፈው በዚያው ሳምንት ነው። ለፍጥነቱ አንድ ተጨማሪ ምክንያት ነበር። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2017 እስከ ጥቅምት 2019 በዓለም አቀፉ የፋይናንስ እርምጃ ግብረ ኃይል ግራጫ መዝገብ፣ ማለትም በገንዘብ ቁጥጥራቸው ጉድለት ያለባቸው አገሮች ዝርዝር ላይ ቆይታ ነበር። በዚያ ጊዜ ክፍያችንን በውጭ አገር የሚያስተላልፉልን ኮሮስፖንደንት ባንኮች በእያንዳንዱ ክፍያችን ላይ ጥያቄ ያበዙብን እንደነበር የውጭ ንግድ ክፍል ሰዎች አይረሱትም። ጉዳዩ በተፈጸመበት ጊዜ ደግሞ ገንዘቡ የሚላክባት አገር፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ፣ ራሷ ከመጋቢት 2022 ጀምሮ በዚያው መዝገብ ላይ ነበረች። ወደዚያ የሚላክ ክፍያ ጠበቅ ያለ ማጣራት ይገባው ነበር፤ ለእኛ ግን የዱባይ ክፍያ እንደ ዕለት እንጀራ የተለመደ ስለነበር ማንም አልነቃም።

ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ጉዳዩን ከያዙት በኋላ ሒሳቡ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። እኔም ቃሌን ሰጠሁ።

የሠራውና ያልሠራው

ከሁሉ የሠራው የጽሑፍ ማስረጃው ነው። ሥራ አስኪያጁ አልሰማሁም ለማለት ሞክሮ ነበር፤ ሆኖም የጉብኝት ማስታወሻዬን በወጪ መዝገብ ቁጥር ሰጥቼው ስለነበር ክርክሩ አጭር ሆነ። ከሥራ ተሰናበተ። በዋናው መሥሪያ ቤት የነበረው ባልደረባ የውጭ ምንዛሪ ጥያቄዎቹን ከወረፋ ፊት ሲያሳልፍ እንደኖረ ስለተረጋገጠበት፣ ከመንግሥት ኃላፊው ጋር ክስ ተመሠረተበት። ውክልናውን የያዘው ወጣት ግን እገዳው ከመምጣቱ ከአራት ቀን በፊት ከአገር ወጥቷል። አራቱ ቀናት በእኔ የቃል ሪፖርት ምክንያት የባከኑት መሆናቸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በሒሳቡ ላይ የተያዘው 3.4 ሚሊዮን ብር ነው። ዱባይ ከቀረው ዶላር የተመለሰ የለም።

እገዳው ሁለት ንጹሐን ሰዎችን ጎዳ። አዛውንቱ የካሳቸውን ገንዘብ ያስቀመጡት በእኛው ባንክ፣ በዚያው ስም ነው። የእገዳው ደብዳቤ «በስማቸው ያሉ ሒሳቦች በሙሉ» ስለሚል የካሳው 310,000 ብርም አብሮ ታገደ። በዚያ መካከል ባለቤታቸው ታመሙ። በየሳምንቱ ሰኞ እየመጡ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «የእኔዋን ብቻ» ይሉ ነበር። የካሳ ገንዘቡ መነሻው የታወቀ መሆኑን በሰነድ አስደግፈን ለፍርድ ቤት አቅርበን እስኪለቀቅ ድረስ አምስት ወር ፈጅቷል።

ሁለተኛው ጉዳት ይብሳል። ሒሳቡ ከታገደ በኋላ አጋቾቹ ለቤተሰቦቹ ገንዘቡ አልደረሰንም አሏቸው። የሆሳዕናዋ እናት ደግመው ደወሉልኝ፤ በሌላ ሒሳብ ሁለተኛ እንዲከፍሉ ተጠይቀዋል። ያለቻቸውን አንድ ጥማድ በሬ ለመሸጥ ገበያ ወጥተው ነበር። ሪፖርታችን ትክክል ነው፣ እገዳውም ሕጋዊ ነው፤ ዳሩ ግን በሒሳቡ ማዶ የታሰሩ ሰዎች እንዳሉ እያወቅን እነርሱን የሚመለከት አንድም መስመር አልጻፍንም ነበር። ሁለተኛውን የሒሳብ ቁጥር ከእናቲቱ ወስጄ በዚያው ቀን ለመርማሪዎቹ አስተላለፍሁ። የገንዘቡና የአጋቾቹ ግንኙነት ለምርመራ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚያሳይ የአደባባይ ጉዳይም አለ። በስደተኞች ላይ በፈጸመው ወንጀል እ.ኤ.አ. በ2020 አዲስ አበባ ተይዞ በ2021 ያመለጠው ኪዳኔ ዘካሪያስ ሀብተማርያም፣ በጥር 2023 ሱዳን ውስጥ ሲያዝ ምርመራውን የመራችው የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ስትሆን፣ የተከተለችውም የገንዘቡን ዱካ ነው።

ለሌላ ቅርንጫፍ የሚተርፍ

ውክልና ላይ ልጀምር። የሰው ስም በሕጋዊ መንገድ የሚወሰደው በውክልና ነው። ሰነዱ ተመዝግቦ ማኅተም ስላረፈበት የባንክ ሠራተኛ እንደ በቂ ማስረጃ ይቀበለዋል፤ ማኅተሙ ግን ሰውዬው መፈረሙን እንጂ ምን እንደፈረመ ማወቁን አያረጋግጥም። ትልቅ ሒሳብ በወኪል የሚንቀሳቀስ ከሆነ ወካዩን ያለ ወኪሉ ለብቻ ማነጋገር፣ የሥራውን ዓይነት በራሳቸው አንደበት ማስረዳት የሚችሉ መሆናቸውን ማየት ያስፈልጋል። ከአዛውንቱ ጋር የአሥር ደቂቃ ወግ ቢደረግ ኖሮ ይህ ሒሳብ በመጀመሪያው ቀን ይዘጋ ነበር።

ዋጋን በኪሎ ወይም በቶን ማስላት ልዩ ዕውቀት አይፈልግም። ካልኩሌተርና ሁለት ስልክ ይበቃሉ።

ስለ ጥሬ ገንዘብ አቀባበል አንድ ነገር ልጨምር። የእንግሊዙ ባንክ ኤችኤስቢሲ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 ለአሜሪካ 1.9 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል የተስማማበት ጉዳይ ሲመረመር፣ የሜክሲኮ የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች ገንዘቡን የሚያመጡት በባንኩ መስኮት ልክ በተሠሩ ሳጥኖች እንደነበር ተገልጿል። የእኛዎቹም አስገቢዎች ብሩን በጤፍ ከረጢት አምጥተው፣ ገና ሳይጠየቁ ቅጹን ሞልተው፣ ቴለሮቻችንን በስማቸው እየጠሩ ያስረክቡ ነበር። ገንዘብ ተቀባዮቹ ልጆች ክፉ አልነበሩም፤ ፍጥነታቸው እንጂ ጥያቄያቸው አይመዘንም ነበርና ፈጠኑ። ጥያቄ የጠየቀ ቴለር በወሩ መጨረሻ በዝግታው የሚወቀስበት ቅርንጫፍ ለእንዲህ ያለ ገንዘብ የተመቸ ነው።

የሪፖርት መስመር ደግሞ ሒሳቡ የሚጠቅመውን ሰው መዝለል አለበት። የእኛ ሥራ አስኪያጅ ጉርሻው ከተቀማጩ ጋር የተያያዘ ስለነበር፣ ጉቦ ባይቀበል እንኳ ለመዘግየት በቂ ምክንያት ነበረው። ባንክ፣ ባለሥልጣንና አትራፊ ሲገናኙ ምን ያህል ሊርቁ እንደሚችሉ ሞዛምቢክ ታሳያለች። እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ብድር ከፓርላማው ተደብቆ በመንግሥት ዋስትና ተወሰደ። ከአበዳሪዎቹ አንዱ የነበረው የስዊዘርላንዱ ባንክ የክሬዲ ስዊስ የገዛ ሠራተኞች ጉቦ መቀበላቸውን በፍርድ ቤት አምነዋል። ምስጢሩ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ ለጋሾች እጃቸውን ሰበሰቡ፣ የአገሪቱም ገንዘብ ዋጋ ወደቀ። የፊርማው ባለቤት የነበሩት የገንዘብ ሚኒስትር ማኑኤል ቻንግ እ.ኤ.አ. በ2024 ኒውዮርክ ላይ ጥፋተኛ ተባሉ። የዚያ ዕዳ ከፋይ ከፊርማው ምንም ያልደረሰው የማፑቶ ነዋሪ ነው። እኛም ዘንድ የዶላር ወረፋው በሐሰተኛ ፕሮፎርማ ሲያዝ ወደ ኋላ የተገፋ አንድ የመድኃኒት አስመጪ አለ፤ ጥያቄው ሰባት ወር ሲጠብቅ እንደነበር ፋይሉን አይቼዋለሁ።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል ያለው ልዩነት ጠብቧል፤ ከልዩነቱ የሚገኘው ትርፍም አብሮ ቀንሷል። አንዳንድ ባልደረቦቼ ከእንግዲህ ዋጋ ማናር ያበቃለታል ይላሉ። እኔ አልስማማም። በእኛ ጉዳይ ውስጥ ኃላፊው የፈለገው የ46 ብር ልዩነቱን ሳይሆን ገንዘቡ ከአገር ወጥቶ ማንም የማይጠይቅበት ቦታ እንዲያርፍለት ነው፤ አጋቾቹም በማንኛውም ተመን ዶላር ይፈልጋሉ። በአዋጅ ቁጥር 1360/2017 የውጭ ባንኮች ወደ አገር እንዲገቡ በር ሲከፈት ደግሞ ገንዘብ የሚሄድባቸው መስመሮች ይበዛሉ። ስለዚህ የቶን ስሌቱ አሁንም መሠራት አለበት።

እገዳ በሚጠየቅበት ጊዜም የስም ባለቤቱን ገንዘብ ከሌላው ለይቶ ማመልከት የመጀመሪያው ደብዳቤ ሥራ መሆን አለበት። የሰውየው ካሳ የገባበት ቀንና ከፋይ በሲስተማችን ላይ ነበር። ልለየው ብል አንድ ሰዓት አይፈጅብኝም ነበር።

የውክልናው መሻር

የካሳው ገንዘብ በተለቀቀ በሳምንቱ አዛውንቱ ውክልናውን ለመሻር ወደ ውልና ማስረጃ ሲሄዱ አብሬያቸው ሄድሁ። ተራቸው ደርሶ ሠራተኛዋ ቀለሙን ስታቀርብላቸው እጃቸውን በካፖርታቸው ኪስ እንደከተቱ ቀሩ። «እኔ አላነብም፤ አንቺ አንብቢልኝ» አሏት። ከኋላችን ያለው ወረፋ ረጅም ነበር። ሠራተኛዋ ቀና ብላ አየቻቸውና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማንበብ ጀመረች። «ወካይ» በሚለው ቃል ላይ አስቆሟት፤ እኔ ነኝ ወይስ እሱ ብለው ጠየቁ። አስረዳቻቸው። ቀጠለች። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ከላይ ጀምራ አንድ ጊዜ እንድትደግምላቸው ጠየቁ፤ ደገመችላቸው። ከዚያ በኋላ እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አውራ ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ለቀለሙ ሰጡ።